ጭማሪውን ለብቻህ አትሸከመው

ይህ ደብዳቤ በግንቦት 2017 የመጣው ከአንድ የሚኒባስ ሹፌር ነው፤ ዋጋዎቹም የዚያን ጊዜ ናቸው። ትንሽ አሳጥሬዋለሁ።

«ጤና ይስጥልኝ እህቴ። 36 ዓመቴ ነው። ሚኒባስ ስነዳ 11 ዓመት ሆነኝ። አሁን የምሠራው ከጀሞ ሜክሲኮ ነው። መኪናዋ በናፍጣ የምትሠራ ሃይኤስ ናት። የእኔ አይደለችም። ባለቤቷ በዕድሜ እናቴ የሚሆኑ፣ ባላቸው የሞተባቸው ሴት ናቸው። እማማ ነው የምላቸው። በቀን 1,800 ብር ገቢ አስረክባለሁ። የተስማማነው መስከረም መጨረሻ ላይ ነው። ያኔ ናፍጣ 90 ብር ከ28 ሳንቲም ነበር። አሁን 120 ብር ከ80 ገብቷል። ገቢው ግን ያው 1,800 ነው።

በቀን 20 ሊትር ገደማ አቃጥላለሁ። ጥሩ ቀን ሲሆን 5,400 ብር እሠራለሁ። ናፍጣውን፣ የእማማን ገቢ፣ የረዳቴን 500፣ ለተራ፣ ለእጥበትና ለምሳ የሚወጣውን 300 ስቀንስ እጄ ላይ 400 እንኳ አይቀርም። ከዚያ ላይ በቀን 300 የዕቁብ አለብኝ። ዕጣው ጥር ላይ ወጥቶልኝ ለልጄ ትምህርት ቤትና ለቤት ኪራይ ጨርሼዋለሁ። ስለዚህ ላቆም አልችልም። ታሪፍ ተጨምሯል፤ ግን በቀን 250 ብር ያህል ቢያመጣልኝ ነው።

ጓደኞቼ ብዙ ይመክሩኛል። አንዱ በጀሪካን የሚሸጥ ናፍጣ አለ፣ ሰልፍ የለበትም ይለኛል። አንዱ ቁልቁለት ላይ ሞተር አጥፋ ይላል። ሌላው ማታ ማታ መስመር ቆርጠህ ጫን ይላል። ባለቤቴ ደግሞ ተወውና ሌላ ሥራ ፈልግ ትለኛለች። ባለፈው ሳምንት ከአንዲት አሮጊት ጋር በ5 ብር ተጨቃጨቅኩ። ቤቴ ስገባ አፈርኩ። እኔ እንዲህ ዓይነት ሰው አልነበርኩም። ምን ትመክሪኛለሽ?»

ወንድሜ፣ ከሒሳቡ ልጀምር። ሌላው ሁሉ የመጣው ከእሱ ነው።

ናፍጣ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ግንቦት በሊትር 30 ብር ከ52 ሳንቲም ጨምሯል። በ20 ሊትር ስታባዛው በቀን 610 ብር ነው። በወር 26 ቀን ከሠራህ ከ15,800 ብር በላይ ይሆናል። ይህን ገንዘብ ማን ከፈለው? እማማ ያኔ 1,800 ይቀበሉ ነበር፣ ዛሬም 1,800 ይቀበላሉ። ረዳትህ 500ውን ይወስዳል። ተራ አስከባሪው የራሱን ይወስዳል። ተሳፋሪው በታሪፍ ጭማሪው 250 ሸፍኖልሃል። የቀረውን 360 ብር በየቀኑ ከልጅህ እንጀራ ላይ እየቆረስክ የምትከፍለው አንተ ብቻ ነህ።

ሰነፍ ስለሆንክ አይደለም። አባካኝም ስለሆንክ አይደለም። ስምምነታችሁ የታሰረው በአንድ ቀን የናፍጣ ዋጋ ላይ ስለሆነ ነው። ናፍጣ ደግሞ አንድ ቦታ ቆሞ አይጠብቅም። ሐምሌ 2014 የታለመ ድጎማ የተባለው (መንግሥት የነዳጅ ድጎማውን ለተመረጡ የሕዝብ ማመላለሻዎች ያደረገበት አሠራር) ሲጀመር ሊትሩ 49 ብር ከ2 ሳንቲም ነበር። በ3 ዓመት ጊዜ ውስጥ ከሁለት እጥፍ በላይ ሆኗል።

አባቴ የቦቴ ሹፌር ነበር። መጀመሪያ በአሰብ መንገድ፣ በኋላ በጅቡቲ። ልጅ ሆኜ ከጉዞ ሲመለስ ልብሱ ናፍጣ ናፍጣ ይሸት ነበር። ስለ ጋላፊ ሙቀት፣ ስለ ሚሌ አቧራ፣ ስለ አዋሽ ድልድይ ይነግረን ነበር። እኛ ማደያ ላይ በብር የምንገዛው ነዳጅ ወደብ ላይ በዶላር እንደሚገዛ ያወቅሁት ከእሱ ነው። ስለዚህ ዋጋው በሁለት በኩል ይጎተታል። አንዱ የዓለም ገበያ ነው። ሌላው የብራችን አቅም ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲመራ ሲደረግ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ 100 አለፈ። በግንቦት 2017 ከ130 በላይ ሆነ። ስለዚህ በዓለም ገበያ ነዳጅ ቢረክስ እንኳ እኛ ማደያ ላይ ሊወደድ ይችላል። ድጎማውም በየደረጃው እየተነሳ ነው የሄደው።

ይህን የማወራህ እንድትማረር አይደለም። ነገ ናፍጣ ወደ 90 ይመለሳል ብለህ እንዳትጠብቅ ነው። «ይኼን ወር ልቻለው፣ ይስተካከላል» እያሉ ስንቱ ሹፌር ዕዳ ውስጥ ገባ። መስተካከል ያለበት ከእማማ ጋር ያላችሁ ስምምነት ነው።

አሁን ስለ እማማ። እኔ በእሳቸው በኩልም ቆሜ አውቃለሁ። አባቴ ጡረታ ሲወጣ ባጠራቀመው ብር አንድ ሃይኤስ ገዛ። ሹፌር ቀጠርን። ደብተሩን የምይዘው እኔ ነበርኩ። በ2014 ናፍጣ ሲጨምር ሹፌራችን አንድ ማታ ገቢ ሊያስረክብ መጥቶ «እህቴ፣ ትንሽ ቀንሱልኝ፣ አልቻልኩም» አለኝ። እምቢ አልኩ። «ስምምነት ስምምነት ነው» አልኩት። ምንም አልመለሰልኝም። በሦስተኛው ሳምንት ቁልፉን አስረክቦ ሄደ። ከእሱ በኋላ የመጣው ልጅ በሁለት ወር ውስጥ ፍሪሲዮን ጨረሰ። ገቢም ያጎድል ነበር። ያን ማታ 100 ብር ብቀንስለት ኖሮ ያ ሁሉ ወጪ አይመጣም ነበር። ከገንዘቡ በላይ ግን የሰውየው ፊት እስከ ዛሬ አይረሳኝም። 4 ዓመት በታማኝነት የሠራልን ሰው ነበር።

ባለንብረትም የራሱ ጭንቀት አለው። ጎማ፣ ባትሪ፣ መለዋወጫ ሁሉ ከዶላሩ ጋር ሽቅብ ወጥቷል። ኢንሹራንስ አለ፣ ቦሎ አለ፣ ግብር አለ። እማማ ባላቸው የተዉላቸው አንድ ንብረት ይህች መኪና ከሆነች ጡረታቸውም እሷ ናት ማለት ነው። ስለዚህ «ገቢ ቀንሱልኝ» ብቻ ብለህ ብትቀርብ የሚሰሙት «ጡረታዬን ሊቀንስ መጣ» የሚለውን ነው። እኔም ያን ማታ የሰማሁት እንደዚያ ነበር።

አንተ ግን የምትጠይቀው ሌላ ነገር ነው። ናፍጣ ሲጨምር ጭማሪውን ለሁለት እንካፈል፣ ሲቀንስም ቅናሹን ለሁለት እንካፈል ነው የምትላቸው። ሒሳቡ ቀላል ነው። በቀን 20 ሊትር ይዘን እንሂድ። ናፍጣ በሊትር 1 ብር ሲጨምር ወጪው 20 ብር ይጨምራል። 10 በአንተ፣ 10 በእሳቸው። ታሪፍ ሲጨምር ደግሞ ያመጣው ትርፍ በዚያው መንገድ ይታሰባል። የዛሬውን ስናሰላ ከ610 ላይ የታሪፉን 250 ታነሳለህ። ይህን አንተው አስቀድመህ አንሳው። እማማ በመጀመሪያ የሚጠይቁህ እሱን ነው፤ ደብቀህ ቢያገኙህ ሌላውን ሁሉ አያምኑህም። 360 ቀረ። ግማሹ 180 ነው። ስለዚህ ገቢው ከ1,800 ወደ 1,620 ይወርዳል። አንተ 384 ታገኝ የነበረው 564 ይሆናል።

180 ብር ብቻ? ትል ይሆናል። አዎ፣ 180። ግን ልብ በል። ከዛሬ ጀምሮ ዋጋ በተቀየረ ቁጥር ጫናው በአንተ ላይ ብቻ አይወርድም። ቀጣዩ ጭማሪ 10 ብር ቢሆን 200ውን ለብቻህ ከመሸከም 100 ትሸከማለህ። ደግሞ ሌላ ጥሩ ነገር አለው። ስምምነቱ በ20 ሊትር ላይ የታሰረ ነው። አንተ በጥንቃቄ ነድተህ በ18 ሊትር ከጨረስክ ሁለቱ ሊትር የአንተ ነው። በ120 ብር ከ80 ሒሳብ 241 ብር ከ60 ማለት ነው። ሁለቱን ስትደምራቸው ቀንህ 800 ያልፋል።

ሁለቱ ሊትር ከየት ይመጣል? እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ አባቴ ስለ ናፍጣ ሞተር ሲያወራ መሽቶ ይነጋ ነበርና ብዙ ሰምቻለሁ።

መጀመሪያ ለካ። ታንከሩን አፉ ድረስ ሙላና የኪሎ ሜትሩን ቁጥር ጻፍ። ሦስት ቀን ሥራ። እንደገና አፉ ድረስ ሙላ። ስንት ሊትር እንደገባ፣ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሄድክ ታውቃለህ። አሁን «20 ገደማ» ነው ያልከኝ። «ገደማ» ለእማማም ለአንተም አይጠቅምም። ደስ የሚለው ከ2015 ወዲህ ነዳጅ በቴሌብርና በመሳሰሉት ስለሚከፈል እያንዳንዱ ክፍያህ ስልክህ ላይ ተመዝግቧል። ያንን በዕለቱ ዋጋ ብታካፍለው ሊትሩ ይወጣልሃል። ከሹፌር ቃል የበለጠ ማስረጃ ነው።

ቀጥሎ ጭሷን እይ። ዳገት ላይ ጥቁር ጭስ ታወጣለች? ጥቁር ጭስ በደንብ ሳይቃጠል የወጣ ናፍጣ ነው። ብሩን የከፈልክበት ናፍጣ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ስስ ነው። ብዙዎቹ የቆዩ ሃይኤሶች ላይ ያለው 5ኤል የሚባለው ባለ 3 ሊትር ሞተር ቱርቦ የለውም። እዚህ በአንድ ትንፋሽ የሚስበው አየር ጅቡቲ ወደብ ላይ ቢሆን ከሚስበው በአንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል። አየሩ ሲያንስ ናፍጣውም አብሮ ማነስ አለበት። አንዳንድ መካኒክ ግን መኪናዋ ዳገት እምቢ ስትል ብዙ ናፍጣ እንዲልክ ፓምፑን ይከፍትልሃል። ለጊዜው ጉልበት ያገኘች ይመስልሃል። ጭሱ ይጠቁራል፣ ታንከሩ ቶሎ ይጎድላል። ፓምፕና ኖዝል (ናፍጣውን ሞተሩ ውስጥ የሚረጨውን) በማሽን የሚፈትሽ ባለሙያ ጋ ውሰዳት። ይህ የእማማ ወጪ ነው፤ ስትነጋገሩ አብረህ አንሳው። የአየር ፊልትሮውንም እይ። የጀሞ አቧራ ፊልትሮ ይደፍናል፣ የተደፈነ ፊልትሮ ደግሞ ያንኑ ስስ አየር ያሳጣታል።

ጎማ በየሳምንቱ ጠዋት፣ ሳይሞቅ፣ ጎሚስታ ጋ አስለካ። የጎደለ ጎማ መሬት ላይ ይጎተታል፤ ጎማውም ናፍጣውም ያልቃል።

ተራ ላይ ስትጠብቅ ሞተሯን አጥፋ። ቆማ ስትሠራ በሰዓት ከግማሽ ሊትር በላይ ትጠጣለች። በየተራው 5 ደቂቃ ብትጠብቅ፣ በቀን 18 ጊዜ ቢሆን አንድ ሰዓት ተኩል ነው። ወደ አንድ ሊትር ይጠጋል። ባትሪዋና ሞተሪኖዋ ደህና ካልሆኑ ግን ይህን አትሞክር፤ ቀድመህ አስተካክላቸው።

ቁልቁለት ላይ ሞተር አጥፋ ያለህ ጓደኛህ ክፉ ሰው ላይሆን ይችላል። ምክሩ ግን ይገድላል። የናፍጣ መኪና ፍሬኑን የሚያግዘው ቫኪዩም (አየር የመሳብ ኃይል) የሚመጣው ሞተሩ ሲዞር አብሮ ከሚሠራ ፓምፕ ነው። ሞተሩ ሲጠፋ ሁለት ሦስት ጊዜ ትረግጣለህ፣ ከዚያ ፔዳሉ ድንጋይ ይሆናል። መሪውም ይከብዳል። ከኋላህ 12 ሰው አለ። ማርሹን ዜሮ ላይ አድርጎ መውረድም የሚመስልህን ያህል አይቆጥብም። ማርሽ ውስጥ ሆነህ እግርህን ከነዳጅ መስጫው ላይ ስታነሳ ፓምፑ ናፍጣ መላኩን ያቆማል። መኪናዋን የሚገፋት ቁልቁለቱ ነው። ዜሮ ላይ ስታደርጋት ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ናፍጣ መጠጣቱን ይቀጥላል። ስለዚህ ማርሽ ውስጥ ሆነህ ውረድ። ናፍጣም ፍሬንም ታተርፋለህ። መብራት ከሩቅ ቀይ ሆኖ ስታየው እንዲሁ እግርህን ቀድመህ አንሳ። እየሮጡ ሄዶ መብራቱ ሥር መቆም የናፍጣ ሌባ ነው።

የጀሪካኑን ናፍጣ በፍጹም። ምን እንደተቀላቀለበት አታውቅም። ውሃ ሊኖርበት ይችላል፣ ላምባ ሊኖርበት ይችላል። ናፍጣ ፓምፑን የሚያለሰልሰው ራሱ ነው፤ ላምባ ያን ያህል ቅባት የለውም። አንድ ፓምፕ ከተበላ የአንተ የስንት ወር ጉልበት እንደሚሄድ አንተው ታውቀዋለህ። ደግሞ በ2017 በወጣው የነዳጅ አዋጅ መሠረት ከተፈቀደለት ማደያ ውጭ ነዳጅ መነገድ በእስርና በገንዘብ ያስቀጣል። ሻጩ ሲያዝ አጠገቡ የቆመችው የእማማ መኪና እንዳትሆን።

ሰልፉ እንደሚያማርር አውቃለሁ። አንድ ነገር ግን አስላ። በቀን 13 ሰዓት ብትሠራና 5,400 ብታገኝ፣ አንድ ሰዓትህ ወደ 415 ብር ያወጣል። «ነገ ነዳጅ ሊጨምር ነው» ሲባል ሁሉም ሥራ ጥሎ ማደያ ይሰለፋል። ጭማሪው 10 ብር ቢሆንና 50 ሊትር ብትሞላ 500 ብር አተረፍክ። ሦስት ሰዓት ከተሰለፍክ ግን ከ1,200 ብር በላይ ሥራ ቀረብህ። ኪሳራ ነው። በሥራ ሰዓት ለወሬ አትሰለፍ። ይልቅ ታንከሩ ግማሽ ሲደርስ ሙላ፣ እስኪያልቅ አትጠብቅ። የሚያልቅበት ሰው ነው በማንኛውም ሰዓት፣ በማንኛውም ሰልፍ ለመቆም የሚገደደው። ቦቴ መቼ እንደሚገባ የሚያውቅ የማደያ ሠራተኛ ጋር መተዋወቅም አይጎዳም። አባቴ ሌሊት ገብቶ ነበር የሚያራግፈው። እነዚያ ማደያዎች ጎህ ሲቀድ ሰልፋቸው አጭር ነበር።

መስመር መቁረጡን በተመለከተ። ማታ ከሜክሲኮ ጀሞ የሚሄደውን ሰው አንተ ከእኔ የበለጠ ታውቀዋለህ። ቀኑን ሙሉ ቆሞ የዋለ አስተናጋጅ ነው። የሰው ቤት ስታጥብ የዋለች ሴት ናት። የማታ ተማሪ ነው። መሐል ላይ አውርደህ እንደገና የምታስከፍለው ሰው ለአንተ ናፍጣ የሚከፍለው ከነገ ሽንኩርቱ ላይ ነው። አንተም የናፍጣውን ጭማሪ የምትከፍለው ከልጅህ እንጀራ ላይ ነው አላልኩህም እንዴ? ይህን ሕመም የምታውቅ ሰው ነህ። ለሌላው አታሳልፈው። ደግሞ ትራፊክ አንድ ቀን ቢይዝህ ቅጣቱ የሳምንቱን ትርፍ ይበላዋል።

አሮጊቷን እርሳቸው አልልህም። ማፈርህ ጥሩ ነው፤ ልብህ እንዳለ ያሳያል። የመስመርህ ሰው ከሆኑ አንድ ቀን ትገናኛላችሁ። ያን ቀን «እናቴ፣ ባለፈው አጥፍቻለሁ» በላቸው፣ ሳታስከፍል አድርሳቸው። ለወደፊቱ ግን የታሪፉን ወረቀት በር አካባቢ ለጥፈው። ጠዋት ስትወጣ ለረዳትህ ዝርዝር ብር አስይዘው። ግማሹ ጭቅጭቅ «መልስ የለኝም» ከሚለው ነው የሚነሳው። ረዳትህንም አነጋግረው። እሱም ናፍጣ ሲጨምር አንተ እንደምትጨነቅ ያያል፣ ጭንቀትህን ተሳፋሪው ላይ ያወርደዋል።

ዕቁቡን ዛሬ ነገ አትበል። ክፍያ ከማጉደልህ በፊት ዳኛውን አግኘው። ወጥቶልህ ስለበላኸው ማቆም እንደማትችል እሱም ያውቃል። ግን ለተወሰነ ጊዜ በቀን 150 እየከፈልክ ቀሪውን መጨረሻ ላይ እንድታሟላ ሊፈቅዱልህ ይችላሉ። ዋስህን ይዘህ ሂድ። ዕቁብተኛ ቀድሞ መጥቶ ያማከረውን ሰው ያከብራል። ተሰውሮ የቀረውን ግን አይረሳም።

ባለቤትህ ሌላ ሥራ ፈልግ ያለችው ስለምትወድህ ነው። ሒሳቡን አሳያት። ከላይ የጻፍኩልህን ቁጥር ሁሉ አብራችሁ ተቀመጡና ጻፉት። 11 ዓመት የያዝከውን ሙያ አንድ ማታ ተናዶ መጣል ከባድ ነው። ግን እሷ የጠየቀችው ጥያቄ ተገቢ ነው። ከስንት ብር በታች ከሆነ ነው ይህች መኪና የማትበጀን? ያን ቁጥር ከእማማ ጋር ከመነጋገርህ በፊት ከእሷ ጋር ወስን። እማማ እምቢ ካሉ፣ ቁጥሩም ካልሞላ፣ በሰላም ቁልፉን አስረክብና ሌላ ባለንብረት ፈልግ። ናፍጣ የሚቆጥብ፣ ደብተር የሚይዝ ሹፌር ሥራ አያጣም። ከጥር 2016 ጀምሮ በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል ከውጭ ማስገባት ስለተከለከለ በኤሌክትሪክ የሚሠሩ መኪኖች እየበዙ ነው። እነሱም ሹፌር ይፈልጋሉ። ለዛሬው ግን መጀመሪያ እማማን አናግር።

ስታናግራቸው ማታ ገቢ በምታስረክብበት ሰዓት አይሁን። ያን ሰዓት ሁለታችሁም ደክሟችኋል። እኔም እንቢ ያልኩት በዚያ ሰዓት ነው። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ፣ ቡና ላይ፣ መኪናዋን አሳጥበህ ሂድ። ደብተርህንና የቴሌብር ዝርዝሩን ያዝ። ልጃቸው ወይም የሚያምኑት ሰው ቢኖር ይገኝ፤ ለአንተም ለእሳቸውም ምስክር ነው። ቁጥሩን ቀስ ብለህ አስረዳቸው። ከዚያ ይህን ወረቀት አሳያቸው። እኔ ነኝ የጻፍኩልህ፣ እንደሚስማማችሁ ቀይሩት።

«ገቢው በቀን 1,620 ብር ነው። ይህ የተሰላው ናፍጣ በሊትር 120 ብር ከ80 ሳንቲም ሆኖ፣ በቀን 20 ሊትር ታስቦ ነው። ናፍጣ በሊትር 1 ብር ሲጨምር ገቢው 10 ብር ይቀንሳል። 1 ብር ሲቀንስ ገቢው 10 ብር ይጨምራል። ታሪፍ ሲቀየር ለውጡ በቀን ምን ያህል እንዳመጣ ለ6 ቀን ተመዝግቦ፣ ግማሹ ለባለንብረት፣ ግማሹ ለሹፌር ይሆናል። ሹፌሩ ከ20 ሊትር በታች ቢያቃጥል የተረፈው የሹፌሩ ነው፤ ቢበልጥም የሹፌሩ ነው። የፓምፕ፣ የኖዝልና የፊልትሮ ወጪ የባለንብረት ነው። ፍሪሲዮንና ጎማ በአያያዝ ጉድለት ከተበላሸ ሁለቱም ተነጋግረው ይወስናሉ። መኪናዋ ጋራዥ የገባችበት ቀን ገቢ የለውም።»

ሁለት ኮፒ አድርጉት። አንዱ እሳቸው ጋ ይቀመጥ፣ አንዱን ዳሽቦርዱ ውስጥ አኑረው።